የቢምረው ኩላሊት ዋስ

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ የሆስፒታሉ ኃላፊም መልካም መልካም ነገር ተናገረ። «እንግዲህ ጋሽ አለኸኝ ከሐሳብ ተገላገሉ፤ ቤትዎ ቁጭ ብለው ይረፉ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ግን አልተገላገልኩም ነበር። የአንድ ሰው ኩላሊት ዋስ ነበርኩ፤ ቀኑም ገና አልደረሰም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት ግምጃ ቤት ጤና ጣቢያ፣ በጥበቃ ነው። በር ከመጠበቅ ግቢ ወደ መጥረግ አለፍኩ፤ ከዚያ ወደ ዳንግላ ተዛወርኩ። ስለ ደመወዝ አላወራም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ ይበቃል። ዳንግላ ሳለሁ ነው ሲስተር ጥሩወርቅን ያወቅኋቸው። በዕድሜ ብዙም አንራራቅም፤ ግን እሳቸው የተማሩ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል አለቃ ነበሩ። አንድ ቀን መጥረጊያዬን ይዤ በመስኮታቸው ሥር ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንተ፣ ሰሞኑን ሳይህ ነበር» አሉኝ። «ጥግ ጥጉን ነው የምትጠርገው። መሐሉንማ ማንም ይጠርገዋል። እጅህን ታጠብና ግባ።»

ገባሁ። እንደገባሁ ቀረሁ። ወደ እንጅባራ ሲዛወሩም ጠይቀው ይዘውኝ መጡ። ሥራዬ የኦፕራሲዮን ብረት ማጠብና መቀቀል፣ በሽተኛ ማንሣትና ማውረድ፣ አልጋ ማስተካከል ነበር።

የሲስተር ጥሩወርቅ ጠባይ ለየት ያለ ነበር። ደም የነካውን ብረት በሙቅ ውሃ ማጠብ ክልክል ነው፤ ደሙ ይበስልና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። መቀስ ታጥቦ ሲደርቅ በስለቱ ላይ የጥጥ ባዘቶ ያሳልፉበታል፤ ባዘቶው አንዲት ክር ያህል ከተያዘ መቀሱ ተመልሶ ይሄዳል። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሙቅ ውሃ ያሞቃሉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን «አይዞህ» አይሉም ነበር።

«አይዞህ ስትለው የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ነገርከው ማለት ነው» ይሉኛል። «የሚደረገውን ንገረው። ሰው የሚያውቀውን ነገር ይችለዋል።»

ያኔ የኩላሊት ድንጋይ የሚወጣው በቢላ ነበር። ከጎድን ሥር ተነሥቶ ወደ ሆድ የሚዞር ቁስል ነው። ሐኪሞቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ግን ቁስሉ ከድንጋዩ ይብስ ነበር። ባቄላ ለምታህል ድንጋይ ስንቱ ገበሬ ክረምቱን ሙሉ ሞፈር ሳይጨብጥ ከርሟል። ድንጋዩን በጨርቅ ቋጥረን ለቤተሰቡ እንሰጣለን፤ ጠያቂ ሲመጣ እየተፈታ ይታያል። የዘንገና አንድ ገበሬ ድንጋዩ ሲሰጠው እያገላበጠ አይቶ፣ «ይቺ ናት እንዴ እንደዚያ ያስጮኸችኝ?» ብሎ እንደ ሰው ሰድቧታል።

ከዚያ ዶክተር ዮናስ መጣ። ልጄ ይሆናል በዕድሜ። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲጨነቅ ጆሮውን የሚያሽ ልጅ ነው። ሳይቀድዱ በሽንት መንገድ ገብተው ድንጋይ የሚያወጡበትን ሥራ ተምሮ ነው የመጣው። መሣሪያው ሲከፈት ክፍላችን ሁሉ ተሰበሰበ። ከሹራብ መርፌ ብዙ የማይወፍር ረጅም ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ዓይን አለው፣ ዓይኑ ያየውን ስክሪን ላይ ያሳያል። በሆዱ ውስጥ ደግሞ ጠባብ መንገድ አለ፤ በዚያ ውሃ ይገባል፣ ድንጋይ የሚያደቅቀው የሌዘር ክርም ይገባል።

«ጋሼ፣ ይህ አይቀቀልም» አለኝ ዶክተር ዮናስ። «በአንድ እጅ አይነሣም። ጫፉ ከምንም ነገር ጋር አይጋጭም።»

ሲስተር አጠገቤ ቆመው፣ «እንደ አራስ ልጅ ነው በለው፤ ይገባዋል» አሉ።

እንደ አራስ ልጅ ያዝኩት። አንድ እጄ ራሱን፣ አንድ እጄ ወገቡን። በለስላሳ ስፖንጅ አሻለሁ፣ ውስጡን በቀጭን ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ውሃ አሳልፋለሁ፣ አየር እነፋበታለሁ። ውስጡ እርጥበት ከቀረ ለሚቀጥለው ሰው በሽታ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው እንቢ አለን። ዶክተሩ ድንጋዩ ዘንድ ይደርሳል፣ ሊመታው ሲል ድንጋዩ ወደ ላይ ይሸሻል። ከሽንት ቧንቧ አምልጦ ተመልሶ ኩላሊት ውስጥ ይደበቃል። «ሄደ!» ይላል ዶክተሩ፣ እኛም ስክሪኑ ላይ ባዶ ቧንቧ እናያለን። እንዲህ ሆኖብን በሽተኛውን ወደ ባሕር ዳር የላክንበት ጊዜ ነበር። ዶክተሩ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ሥራ ሲያበቃ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስባል።

«ውሃው ነው የሚገፋብን» አለ አንድ ቀን። «እንድናይ ብለን ውሃ እንለቃለን፣ ውሃው ድንጋዩን እያሳደደ ያስመልጥብናል። ጋሼ፣ የውሃውን ከረጢት ዝቅ አድርገው ይስቀሉት። አልጋውንም በራስጌ በኩል ከፍ ያድርጉት። ሽቅብ መሸሽ ይክበደው።»

ከዚያ ወዲያ የኔ ሥራ ይህ ሆነ። «ዝቅ» ሲል ከረጢቱን ዝቅ፣ ደሙ ሲያደፈርሰው «ትንሽ ከፍ» ሲል ከፍ። ውሃው ከበዛ ኩላሊቱን ያስጨንቃል፣ ካነሰ አይታይም። ድንጋዩን መፈረካከስ ትቶም ከዳር ከዳሩ እየላገ እንደ ዱቄት ማድቀቅ ጀመረ። በሽተኛ በሁለተኛው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማየት ለእኛ ተአምር ነበር።

ቢምረውን የሠራነው ያን ጊዜ ነው። ቢምረው ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነው፤ ከሰልና ድንች ያመላልሳል። ቀልደኛ ነው፤ ማደንዘዣ ሊሰጠው ሲል እንኳ «ፈረሴን አደራ» ያለ ሰው ነው። ድንጋዩ በግራ ኩላሊቱ በኩል ነበር። ደቀቀ፣ ወጣ። እንደ ደንቡ ውስጡ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ተተወለት፤ አንድ ጫፉ ኩላሊት፣ አንድ ጫፉ ፊኛ ውስጥ። የተነካው ቧንቧ አብጦ ሽንት እንዳይዘጋ ነው።

«ከወር በኋላ ትመጣና እናወጣዋለን» አለው ዶክተር ዮናስ። «ሳይወጣ መቅረት የለበትም። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ፣ ዶክተር። ዕድሜ ይስጥልኝ» አለ ቢምረው። ወረቀትም ተሰጠው። ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያየነው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሚስቱ አዛለች ደግፋ አመጣችው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሩ እሳት ነው። ራጅ ተነሣ። ዶክተሩ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ እጁ ጆሮው ላይ ቀረ። ያ የስንደዶ ያህል ቱቦ በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ አብቅሎ ነበር። ቱቦውም ዙሪያውን ኖራ እንደ ተለቀለቀ ሆኗል። ለማውጣት ብዙ ታገለ። ከፊኛው በኩል ያለውን ድንጋይ አደቀቀለት፤ የላይኛው ግን አልንቀሳቀስ አለ። ቢጎትተው ቧንቧው አብሮ ሊመጣ ሆነ። አቆመ። ቢምረው ወደ ባሕር ዳር ተላከ። እዚያ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ቆይቷል ተባለ፤ በቢላ አወጡት።

ምን ሆኖ ቀረ? ኋላ ራሱ እንደነገረን እንዲህ ነው።

«ቤቴ ስገባ ታምሜ ነበር ብዬ ልተኛ አልኩ። ጎረቤት መጣ፤ ‹ቁስልህን አሳየን› አሉኝ። ምን ላሳይ? ‹ድንጋዩስ?› አሉኝ። ዱቄት ሆኖ በሽንት ወረደ ስላቸው ሳቁብኝ። ‹አንተ ሥራ ጠልተህ ነው› አሉኝ። በሳምንቱ ጋሪዬ ላይ ነበርኩ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በቢላ የተሠራ ሰው አይረሳም፤ ክሩ ያሳክከዋል፣ ሚስቱ ታየዋለች፣ ዕድርተኛው ይጠይቀዋል፣ ክሩን ለማስወጣት መመለሱ አይቀርም። ሳይቀደድ የዳነን ሰው ግን አገሬው እንደ በሽተኛ አይቆጥረውም፤ እሱም ራሱን አይቆጥርም። ጋሪው ኮብልስቶኑ ላይ ሲያንገጫግጨው ሽንቱ ደም ይመስል ነበር። የድንጋዩ ርዝራዥ ነው ብሎ ተልባ ጠጣበት።

ኃላፊው «ይህ ሥራ ይቁም» አለ። አልፈረድኩበትም፤ የሰው ኩላሊት ሄዷል። ዶክተር ዮናስ ወደ እኔ፣ ማጠቢያ ክፍል መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ነግሬው ነበር እኮ» አለ። «በግልጽ አማርኛ ነግሬዋለሁ።»

ሲስተር ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ነግረኸዋል» አሉት። «ከነገርከው በኋላ ግን ያ ነገር የማን ሆነ? ያንተ አይደለም፣ የሱም አልሆነም። መሐል መንገድ ላይ ነው የወደቀው። እሱን ማንሣት ነው ያለብን።»

እንዴት እንደሚነሣ ግን እሳቸውም አላወቁም። ብረቱ ሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ እንዳይበላሽ እያወጣሁ እጠርገዋለሁ። ድንጋይ ያለበት ሰው ሲመጣ ወደ ባሕር ዳር ይላካል፤ መሄድ የቻለ ይሄዳል፣ ያልቻለ ሕመሙን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ቢምረው ተመልሶ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አሁን ድንጋዩ በቀኙ ነው። ቀኙ ማለት የቀረው አንዱ ነው።

ዶክተሩ አስቀምጦ አስረዳው። አንድ ኩላሊት ብቻ ሲኖር በቢላ መግባት ያሰጋል፤ በብረቱ ቢሠራ ይሻላል። መተው ግን አይቻልም፤ ከተዘጋ ሞት ነው።

«ያለ ቱቦ አይሆንም?» አለ ቢምረው።

«አይሆንም። ቧንቧው ቢያብጥ ሌላ መውጫ የለህም።»

ቢምረው አጠገቡ የተቀመጠችውን አዛለችን አየ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ዋስ አምጡ» አለ።

«ምን?» አለ ዶክተሩ።

«ዋስ ነዋ! ፈረሴን ስገዛ ሻጩ ዋስ ጠርቶልኛል፤ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የምይዘው ሰው አለኝ። እናንተም ዘበኛ ስትቀጥሩ ዋስ አምጣ ትላላችሁ። በእኔና በዚያ ቱቦ መሐል ግን ማን ነበረ? ማንም።»

አዛለች ጣልቃ ገባች። «እኔስ? አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቃል ብትነግረኝ ጎትቼ አላመጣህም ነበር?»

«አልነገርኩሽም።»

«ለምን?»

ቢምረው መሬት መሬቱን አየ። «በየት በኩል እንዳስገቡት ልንገርሽ? አፈርኩ።»

አዛለች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ቢምረው ነው፤ ከዚያ ሁላችንም።

ሲስተር ጥሩወርቅ ግን ቶሎ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ዶክተር፣ ሰውዬው ልክ ነው። ቱቦ የገባለት ሁሉ ዋስ ይኑረው። ዋሱ እዚሁ ቀርቦ ሁሉን ይስማ። በቀኑ ካላመጣው የሚጠየቀው እሱ ይሁን።»

«እኔ እሆናለሁ» አለች አዛለች።

«ሚስት ዋስ አትሆንም፤ አንድ ቤት ነን» አለ ቢምረው። እውነቱን ነው፤ ዋስ ከቤት ውጭ ነው የሚጠራው።

«እንግዲያው እኔ ልሁንህ» አለ ዶክተር ዮናስ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ነገ ይዛወራሉ። ሐኪም እንደ ደመና ነው፣ አይጨበጥም። እኒህ ጋሼ ይሁኑልኝ። ብረቱን ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ።»

«እኔ ጡረታ ልወጣ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

«ይልቅ ጥሩ! ጊዜ አለዎት።»

ቀልድ ነው ብዬ ነበር። ዓይኑን ሳየው ቀልድ አልነበረም። እጄን ሰጠሁት፤ ሲስተርና አዛለች ምስክር ሆኑ። ዶክተሩ ኃላፊው ዘንድ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጆሮው ቀልቷል። «ለዚህ ሰው ብቻ ተፈቅዷል» አለን። «ቱቦው በቀኑ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ለሌሎቹም ይከፈታል። ካልሆነ ብረቱን ይመልሱታል።»

ሥራው በሰላም ተጠናቀቀ። ከረጢቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዶክተሩ ድንጋዩን እንደ ደቃቅ አሸዋ እስኪሆን ላገው። በሥራ ዘመኔ ያጠብኩት የመጨረሻው ብረት ያ ነው። የቱቦው ቀን ከሚካኤል ማግስት ተባለ፤ የጡረታዬ ድግስ ከዚያ ቀደመ።

ቀኑ ሲቃረብ ለቢምረው ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጠፍቷል። በቀኑ ማለዳ ጋቢዬን ደርቤ በሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ። ገበያ ነበር። ቢምረውን ያገኘሁት ጋሪ ማቆሚያው ላይ ነው፤ የከሰል ማዳበሪያ እየጫነ።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ቀኑ ነው። ዋስህ አይደለሁም?»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ገበያ ነው፣ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። ደግሞ ምንም አያመኝም።»

«የፊተኛውም መጀመሪያ አላመመህም።»

የፈረሱን ልጓም ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች ሰምተው ተሰበሰቡ። «ቢምረው፣ ምን ሰርቀህ ነው ዋስ የመጣብህ?» አለው አንዱ። ሌላው፣ «ፈረሱን አስይዞ ጠጥቶበት ይሆናል!» አለ። ሳቁ።

ምርጫ ስላልነበረኝ ከሰሉ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«አባቴ፣ ይውረዱ እንጂ! ከሰሉ ጋቢዎን ያጠቁረዋል።»

«ይጥቆር።»

«ፈረሱ እኮ ደከመ!»

«እንግዲያው ቶሎ እንሂድ።»

«ሽማግሌ ከወጣበት አይወርድም፣ አርፈህ ንዳ!» አለ አንድ ባለ ባጃጅ። ቢምረው ግን አልሳቀም። ቀርቦ በዝቅታ ነገረኝ።

«ጋሼ፣ የፊተኛውን ሲጎትቱት ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ይሄኛውም እምቢ ቢልስ? ሌላ ኩላሊት የለኝም።»

ለካስ ገበያው ሰበብ ነው። አይዞህ አላልኩትም። የሚደረገውን ነገርኩት። «ዓይን ያለው መሣሪያ ፊኛህ ውስጥ ይገባል። የቱቦውን ጫፍ ይይዛል፤ ይስባል። ሽንትህ እንደመጣ ዓይነት ይሰማሃል፤ ያቃጥልሃል። ድንጋይ ካልያዘው ይወጣል። ድንጋይ ሳይይዘው ነው ዛሬ የተቀጠረው። ነገ ስትል ለድንጋዩ ቀን እየጨመርክለት ነው።»

ቢምረው ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ላብ በከሰሉ ጥላሸት ላይ መንገድ አውጥቶ ይወርዳል።

«ኩላሊቴ ውስጥ ቱቦ አለ» አለ ጮክ ብሎ። «በብልቴ ነው ያስገቡት። የፊተኛው ቱቦ ድንጋይ አብቅሎ ነው አንዱ ኩላሊቴ የወጣው። ዛሬ ካልወጣ ይሄኛውም ይሄዳል።»

ማንም አልሳቀም። ፈረሱን አስይዞ ጠጥቶበት ይሆናል ያለው ሰውዬ መጥቶ ልጓሙን ከእጁ ወሰደ። «ከሰሉን እኔ አደርሳለሁ። ሂድ» አለው። ባለ ባጃጁ ሁለታችንንም መናኸሪያ ድረስ አደረሰን፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ቱቦው እየጠየቀ።

እንጅባራ ስንደርስ በኦፕራሲዮን ክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ድንጋይ ያለባቸው ናቸው፤ የቢምረው ቱቦ ምን እንደሚሆን ሊሰሙ የመጡ። እኔ ዋስ ስለሆንኩ ገባሁ፤ ጋቢዬን አስወልቀው፣ ንጹሕ ጋውን አልብሰው ጥግ አቆሙኝ። እጄ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ማየት ከበደኝ።

ዶክተር ዮናስ መሣሪያውን አስገባ። ያዘ። ሳበ። ቢምረው ጥርሱን ነከሰ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ቱቦው ትንሽ መጣ፣ ቆመ። የዶክተሩ እጅ አብሮ ቆመ። ከዚያ እንደገና ቀስ አድርጎ ሳበው፤ መጣ፣ መጣ፣ ወጣ። ሲስተር ጥሩወርቅ ተቀብለው በጣቶቻቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። እጃቸውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሻካራ ነገር ቢኖር ይቆም ነበር። አልቆመም።

«ልስልስ ያለ ነው» አሉ።

ዶክተሩ ጭምብሉን አውርዶ ግድግዳውን ተደገፈ። ቢምረው ልብሱን እየታጠቀ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። አግዳሚ ወንበሩ ፊት ቆመ።

«ስሙኝ!» አለ። «እኒህ ሰው ዋሴ ነበሩ። ከነኩላሊቴ አድርሰውኛል። ከዛሬ ወዲያ አልፈልጋቸውም፣ ነፃ ናቸው፤ እናንተ ምስክር!»

«ምስክር ነን!» አሉ።

ጋቢዬን ተቀብዬ አራገፍኩ፤ ከሰሉ እንዳለ ነው። ወደ በሩ ስሄድ ከወንበሩ ጫፍ አንዲት ሴት የጋቢዬን ጫፍ ያዘችኝ። ሻሽ የጠመጠመች፣ ከቆላ ሰፈራ የመጣች ናት፤ ቤተሰቧ በደርግ ጊዜ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። ጎኗን በእጇ ደግፋለች።

«አባቴ፣ ሥራው ቢከፈትም ከቤት ውጭ ዋስ ካላመጣሽ ተራ አይያዝልሽም ብለውኛል» አለችኝ። «እዚህ የማውቀው ሰው የለኝም። እርስዎ እንደሆነ ነፃ ወጥተዋል። ለኔም ዋስ ይሁኑልኝ።»

ቢምረው ከኋላዬ ሳቀ። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ቀኑ መቼ ነው?» አልኳት።